ልጆቻችን ከማማ ወርደው ትምህርት ቤት ይዋሉ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ የሁላችንንም ቤት የሚነካ ነው። መስከረም ላይ ደብተር ይዘው የተመዘገቡ የይፋት ቆላ ልጆች፣ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ከክፍል ይጎድላሉ። የት ሄዱ ቢባል፣ ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ግሪሳ ይከላከላሉ። የማሾ ለቀማውና የሽንኩርቱ የቀን ሥራም ይጠራቸዋል። ወባውም የሚበረታው በዚያው ሰሞን ነው። ወር ሙሉ የቀረ ልጅ ሲመለስ ትምህርቱ አልፎት ይጠብቀዋል፤ አፍሮ በዚያው ይቀራል።

ታዲያ ወላጅን ብቻ መውቀስ አይገባም። ግሪሳ የሰፈረበት ማሳ በጥቂት ቀን አገዳ ብቻ ይሆናል። የ1977 ዓ.ም.ን ድርቅ ያየ የይፋት ሰው እህልን አያቃልልም። ከ1986 ዓ.ም.ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በመንግሥት ት/ቤት እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ ቀርቷል፤ ይሁንና ደብተርና ጫማ በነፃ አይመጣም።

ከገጠር መጥተው እዚህ ሸዋ ሮቢት ቤት ተከራይተው የሚማሩም አሉ። ከቤት የሚላከው ስንቅ ሲዘገይ ጦማቸውን ያድራሉ። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ስጋቱ ይበዛል፤ ወላጅም «የተማረችው ይበቃታል» ብሎ ይድራታል።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛው ከተማ ድረስ መጣ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን በተነሳው ግጭት ብዙ ት/ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ስለዚህ በሩ የተከፈተለት ልጅ አንዲት ቀን እንኳ ልትባክንበት አይገባም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ጎልማሳው ከእርሻ መልስ ተቀምጦ ፊደል ቆጥሯል። ይህም የሆነው የሚያውቀው ለማያውቀው ስለደረሰለት ነው። እኛስ ዛሬ ምን እናድርግ?

1ኛ/ የግሪሳ ጥበቃውን ጎልማሶች በወንፈል ተራ እንግባበት፤ ልጆች በትምህርት ሰዓት ማማ ላይ አይታዩ።

2ኛ/ ከዕድራችን መዋጮ ተቀንሶ ለችግረኛ ልጆች ደብተርና እስክርቢቶ ይገዛ፤ ሒሳቡም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

3ኛ/ ትርፍ ክፍል ያለን ሰዎች ለገጠር ሴት ተማሪዎች በቅናሽ እናከራይ፤ የቤቱ እመቤትም እንደ ልጇ ትያቸው።

4ኛ/ ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ካለ፣ ከመምህሩ ስሙን ጠይቀን ቤቱ ድረስ እንሂድ። የምንሄደው ለወቀሳ ሳይሆን ለእገዛ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም? ማሽላው ሳይፈካ ተራችንን እንያዝ። ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ።