ከምቱ በፊት የሚሰማ ድምፅ



ስለ ሕክምና እንድናገር ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ፤ ዛሬ የማወራው ስለ ጭፈራ ነው። አትስጉ፣ መጨረሻው ወደ ዋርድ ይመልሰናል።

የምኖረው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቅዳሜ ማታ ግሪንፊልድ ከተማ ወዳለው ጋይዲንግ ስታር ግሬንጅ አዳራሽ ይዛኝ ሄደች። እዚያ ኮንትራ ዳንስ ይጨፈራል። ሥሩ የእንግሊዝ የገጠር ጭፈራ ነው፤ ጆን ፕሌይፎርድ በ1651 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ መመሪያውን አሳትሞለታል። ጥንዶች በሁለት ረጃጅም መስመሮች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ሁለት ሁለት ጥንድ እየሆኑ አብረው ይጨፍራሉ። ዘመዱ ስኩዌር ዳንስ ደግሞ አራት ጥንዶች በአራት ማዕዘን ቆመው የሚጨፍሩት ነው።

የኮንትራ ዜማ አንድ ዙር 64 ምት ነው፤ በስምንት ስምንት ይከፈላል። ዙሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ ጥንድ ቦታ ይቀይርና አዲስ ጎረቤት ያገኛል። ከዚያ ያው ጭፈራ እንደገና ይጀመራል።

ይህን ሁሉ ሰው ከባንዱ አጠገብ ቆሞ በድምፅ የሚመራው ኮለር ይባላል። እኛ አገር አቀንቃኙ ያወጣል፣ ተቀባዩ ተራውን ጠብቆ ይቀበላል። ኮለር ግን ተራ የለውም። ሰዉ አንዱን እየጨፈረ ሳለ ቀጣዩን መንገር አለበት። ስለዚህ በስምንቱ ምት መጨረሻ፣ ሦስት አራት ምት ሲቀር ይናገራል፤ የመጨረሻዋ ቃል ከአዲሱ አንደኛ ምት በፊት ማለቅ አለባት። ቅደም ተከተልም አለው፤ መጀመሪያ ማን፣ ቀጥሎ በየትኛው እጅ፣ ከዚያ ምን። «ጎረቤት፣ ግራ እጅ፣ ዙሩ።» በቃ።

ጭፈራውን የሚደርሰው ሰውም ያግዘዋል። በጥሩ ድርሰት አንዱ እንቅስቃሴ ሲያልቅ ነፃ የሚቀረው እጅ ለቀጣዩ የሚያስፈልገው እጅ ነው፤ ገላ ራሱ መንገዱን ያውቃል። ለዚህ ነው ጥሩ ኮለር በየዙሩ ቃል እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ዝም የሚለው። ሰዉ ያለ እሱ ሲጨፍር ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው።

አንድ ቀን እኔም ሞከርኩት። ቃሌን በምቱ ላይ ጣልኩት፤ መስመሩ በሙሉ ተደናበረ። ሰዎቹ ሳቁ፣ በአጠገባቸው ያገኙትን እጅ ይዘው ቀጠሉ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ከዚህ ግቢ ወጥቼ በተመደብኩበት ሆስፒታል፣ በመጀመሪያው ዓመቴ፣ የአንድ አባት ልብ ቆመ። ቡድኑን የምመራው እኔ ነበርኩ። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፣ መጠኑንም አውቀዋለሁ። ግን ዝም ብዬ ቆየሁና ሦስት ትእዛዝ ባንዴ ጮህኩ፤ ለማን እንደሆነ እንኳ አልተናገርኩም። ደረት ትጫን የነበረችው ሲስተር እኔን ለመስማት እጇን አቆመች። አባት አልተመለሱም። በዚያ ምክንያት ነው ማለት አልችልም። የቆመውን እጇን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ደረት የሚጫነው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው፤ የኮንትራ ሙዚቃም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ገደማ ይመታል። ዛሬ ቡድን ስመራ የኮለሩን ሕግ እከተላለሁ። ተጫኙ በየሁለት ደቂቃው ይቀየራል፤ ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የተረኛውን ስም እጠራለሁ፣ ከዚያ ሥራውን እነግረዋለሁ። እጁ የያዘውን ሳይለቅ ቀጣዩን ይሰማል። ቡድኑ ምቱን ከያዘ እኔም ቃሌን እቀንሳለሁ።

መምህሮቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። ሙዚቃው ሳይጀመር በፊት ኮለር ሰዉን ያለ ሙዚቃ፣ በእርምጃ ብቻ ያለማምደዋል። ማንም መሳሳት አያፍርም። እኛ ምን እንደሚታዘዝ ከእናንተ ተምረናል፤ ዕዳችንን ከፍለን አንጨርሰውም። መቼና እንዴት እንደሚታዘዝ ግን እኔ የተማርኩት በታማሚ አልጋ አጠገብ ነው። እባካችሁ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት፣ በአሻንጉሊት ላይም ቢሆን፣ ቡድን ጮክ ብሎ ይምራ። እዚያ ይደናበር፤ እዚያ ይሳቅበት።

ማታ ግብዣው ላይ ባንዱ ሲጀምር ደግሞ ሁለት መስመር ሠርታችሁ ጠብቁኝ። ዘንድሮ ከምቱ በፊት እናገራለሁ።