ጆን ሎክ ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የተማረው



እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በፍልስፍናው ዝነኛ ይሁን እንጂ፣ አስቀድሞ ሕክምናን ያጠና ሰው ነበረ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1667 ወደ ሎንዶን ሄዶ በሎርድ አሽሊ ቤት ተቀመጠ። በዚያም በሽታን ከጥንት መጻሕፍት ይልቅ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ሆኖ ከሚያጠናው ሐኪም ከቶማስ ሲደናም ጋር ተወዳጀ። በ1668 ሎርድ አሽሊ በጉበቱ እብጠት ለሞት ሲቃረብ፣ ሎክ ቀዶ ሕክምናውን መርቶ እዡ የሚፈስበት የብር ቧንቧ አስገባለት። ሎርዱም እስከ 1683 ኖረ።

በ1669 በሎክ እጅ የተጻፈ ስለ ሕክምና ጥበብ የሚናገር ጽሑፍ አለ፤ በግምት ከመከራከር ይልቅ ልምድን መከተል እንደሚሻል ያስረዳል። ሐሳቡ የሲደናም ነው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ፤ የማንም ቢሆን ሎክ ተምሮበታል። በ1671 ስለ ሰው ዕውቀት የሚናገረውን መጽሐፉን መንደፍ ጀመረ፤ በ1689 መጨረሻም አሳተመው። አእምሮ በመጀመሪያ እንዳልተጻፈበት ወረቀት ነው፤ ዕውቀት ሁሉ ከልምድ ይገኛል አለ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ ግን ስንት ጊዜ ሳናስተውል ሸምድደን፣ ከፈተና በኋላ ረሳን? የሸመደደ ሐኪም ሕመምተኛውን ሳያይ መድኃኒት ያዝዛል። እንግዲህ አይተን እንመርምር፣ ሳናፍር እንጠይቅ፤ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ተብሏልና።