አሥራ ሁለት ጊዜ «ኢዛ»

 

ዛሬ የምንነጋገረው በአንድ ቃል ደጋግሞ ንግግርን ስለመክፈት ነው። ብዙ ሰው ይህን ስልት የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ዋሽንግተን ላይ «ሕልም አለኝ» እያለ ካሰማው ንግግር ነው። እኛ ግን ገና በልጅነታችን ቁርኣን ቤት ሐፍዘነዋል።

ሱረቱ-ተክዊር በመካ የወረደች፣ 29 አንቀጾች ያሏት ሱራ ናት። ከመጀመሪያዎቹ 13 አንቀጾች 12ቱ በ«ኢዛ» ይከፈታሉ። ፀሐይ፣ ከዋክብት፣ ተራሮች፣ እርጉዝ ግመሎች፣ አራዊት፣ ባሕሮች በተራ ይመጣሉ። «ኢዛ» በአማርኛ «በ… ጊዜ» ማለት ነው፤ ብቻውን አይቆምም። ሰው «በመጣህ ጊዜ» ብሎን ዝም ቢል «እሺ፣ ከዚያስ?» እንላለን። እዚህ ያ «ከዚያስ?» 12 ጊዜ ይከማቻል። መልሱ 14ኛው ላይ ነው፦ ነፍስ ሁሉ ምን ይዛ እንደቀረበች ያን ጊዜ ታውቃለች።

ያለ «ኢዛ» የመጣው አንዱ 9ኛው ነው። 8ኛው ከነሕይወቷ ስለተቀበረችው ሴት ልጅ ያነሳል፤ 9ኛው በምን ወንጀል እንደተገደለች ይጠይቃል። ፀሐይ በአንድ አንቀጽ አለፈች፣ ተራሮችም እንዲሁ። ለዚህች ልጅ ግን ሁለት ተሰጣት፤ ሰልፉ ለእሷ ቆመ። ጥያቄው ለገዳዩ ሳይሆን ለራሷ መቅረቡም ገዳዩን ይበልጥ የሚያዋርድ መሆኑን ሙፈሲሮች ያስረዳሉ።

በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚውል ትርጉሙን ስናነብ «ጊዜ» ከአንቀጹ ራስ ወደ ጅራቱ ይወርዳል። ስለዚህ በአማርኛ ስንናገር ፊት ላይ የሚቆም ቃል መፈለግ ግድ ነው፦ «ስንት»፣ «ዛሬ»፣ «እኛ»። «እኛ» ደግሞ በየመድረካችን በዝቷል። ተናጋሪው አሥር ጊዜ «እኛ» ይላል፣ ጀማዓው ተክቢራ ያሰማል፣ ቤት ገብቶ ምን እንደተባለ ሲጠየቅ ግን የሚያስታውሰው «እኛ»ን ብቻ ነው። (ድምፅ ማጉያው ጥሩ ከሆነ ደግሞ ይብሳል!)

ንግግር የምታዘጋጁ ወጣቶች፣ መጀመሪያ 14ኛውን ጻፉ። እሱ ከሌለ «ኢዛ»ውን አትጀምሩት። ቀጥሎ በመደዳው መሐል ማን ላይ እንደምትቆሙ ለዩ፤ ስሙን ማንም ያልጠራለት ሰው ቢሆን ይመረጣል። ዐስር እየደረሰ ስለሆነ ጥያቄ ያላችሁ ከሰላት በኋላ እዚሁ እንገናኝ።