አጭር ግጥምና የመስመር ሥዕል በአንድ ወረቀት ላይ



ጃፓኖች «ሃይጋ» ብለው የሚጠሩት አንድ የጥበብ ዐይነት አላቸው። ሃይኩ የተባለው አጭር ግጥም በወረቀት ላይ ይጻፍና በአጠገቡ በጥቂት የቡርሽ መስመር የተሠራ ሥዕል ይቀመጣል። ሃይኩ በአምስት፣ በሰባትና በአምስት የተከፈለ የ17 ድምፅ ግጥም ነው። ስመ ጥሩው ባለቅኔ ማትሱዎ ባሾ (1644–1694 በአውሮፓ አቆጣጠር) ግጥሙን፣ ደቀ መዝሙሩ ሞሪካዋ ክዮሪኩ ደግሞ ሥዕሉን የሠሩባቸው ወረቀቶች አሉ። የሚያስደንቀው ግን በሥዕል ረገድ መምህሩ ክዮሪኩ፣ ተማሪው ባሾ መሆኑ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ተረኩልን፣ ጃፓን ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሀገር አይደለችም። የዛሬው ንግግሬ ግን ጃፓንን ለማወደስ አይደለም፤ ይህ የሁለት ሰዎች ሥራ በቆቦና በራያ ቆላ ሊሠራበት ይችላል ብዬ ስለማምን ነው።

መለኪያውን እንይ። በሰንጎ መገን ቤት አንዱ ሐረግ አምስት ቀለም ነው፤ ሁለት ሐረግ አንድ ስንኝ፣ ሁለት ስንኝም ሃያ ቀለም ይሆናል። ከሃይኩ የሚበልጠው በሦስት ብቻ ነው ማለት ነው። ማሳጠርንም ከማንም አንማርም። ከቆቦ በስተ ምዕራብ በደጋው ያለችው ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር የቅኔ መንገድ የወጣባት ሀገር ስትሆን፣ የቅኔ ተማሪም የሚጀምረው በሁለት ቤቱ በጉባኤ ቃና ነው።

ወደ ቆላው እንውረድ። የቆቦ ሜዳ በምዕራቡ ተራራና በምሥራቁ በዞብል መካከል የተዘረጋ የማሽላ አገር ነው። በሜዳው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በእነ ጎሊናና በእነ ሆርማት ወርዶ ይደርሳል፤ ገበሬውም ጎርፉን ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ለምሳሌ ያህል ይህን ነገር እኔው እንዲህ ገጥሜዋለሁ፦

ደጋ ላይ ዘንቦ ቆላ ደረሰ፤
ያላወቅሁት እጅ ዓይኔን አበሰ።

ሰሙ ጎርፉ ነው፤ ወርቁ ከማይታወቅ ሰው የመጣ ቸርነት ነው። አሁን ይህን ለሠዓሊ እንስጠው። ደመና፣ ጎርፍና ዓይኑን የሚጠርግ ገበሬ ቢሥልልን ግጥሙን ገደለው፤ ሰሙን ደገመው፣ ወርቁንም አፍ አውጥቶ ተናገረው። ይልቅስ አንድ የደረቀ ቦይ፣ በዳር የተጋደመ ዶማ፣ ከዚያ በላይ ባዶ ወረቀት ቢተውልን ተመልካቹ ውሃውን ራሱ ይጠብቃል። ባሾ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የተነሣው ባለቅኔና ሠዓሊ ዮሳ ቡሶን የባሾን የሰሜን ጉዞ መጽሐፍ በእጁ ገልብጦ ሥዕል ሲያገባበት፣ የሣለው ይልቁን ሰዎቹን ነው፤ ተራራውንና ባሕሩን ለጽሑፉ ተወለት።

በእኛም ዘንድ ገጣሚነትና ሠዓሊነት በአንድ ሰው አድረው አይተናል፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ምስክር ናቸው። በሁለት ሰው ሲሆን ግን ሌላ ጣጣ አለ። የብራና ጸሐፊ ለሠዓሊው ባዶ ገጽ ትቶ ያልፍ ነበር፤ ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ባለሙያዎች ነበሩ። በራያ ግን ግጥሙን የሚያወርደው ማሽላ ሲጠበቅ በማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው፣ በሠርግ የሚያቀነቅነው፣ ምናልባትም ብዕር ይዞ የማያውቅ ሰው ነው። እኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ስንኙን ከአፉ ለቅመን «የሕዝብ ግጥም» እንለዋለን፤ የሠዓሊው ስም ግን ከሥዕሉ ሥር በጉልህ ይጻፋል። ይህ ሽርክና አይባልም፤ ባሾ ቢሆን ኖሮ የባለቅኔውን ስም ለመተው ማን ይደፍር ነበር?

ስለዚህ ሠዓሊው ቆቦ ይውረድ። ግጥሙን ከባለቤቱ አፍ ይስማ፤ ወይም ሥዕሉ ይቅደምና አንድ ባዶ ማማ አሳይቶ «በዚህ ላይ ምን ትላለህ?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለቱ ስሞች እኩል ይጻፉ። ከመታተሙም በፊት ወረቀቱ ተመልሶ ለገጣሚው ይታይ፤ እርሱም አይቶ «ይህ የእኔ ነገር አይደለም» ካለ ይቀደድና እንደ ገና ይጀመር።