ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ጎረቤት መረዳዳት

በደብራችን የኀምሳኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



በዛሬው የደስታ ቀን ስለ ደብራችን ሕንፃና ስለ መሥራቾቹ ድካም ብዙ መልካም ነገር ተነግሯል፤ መነገሩም የሚገባ ነው። እኔ ግን በተሰጠኝ ጥቂት ጊዜ ከቅጥራችን ውጭ ባለው ትምህርት ቤት ስለሚማሩት ልጆቻችን ለመናገር ፈቃዳችሁን እለምናለሁ።

ልጅን በኅብረት ማስተማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የቆሎ ተማሪ በነበሩበት ዘመን ደብሩ ጥላውን፥ መምህሩ ዕውቀቱን፥ ባላገሩም ከማጀቱ ቍራሹን ይሰጥ ነበር። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ከደጅ ሲቆም፥ የቤቱ እመቤት ከየት አገር እንደ መጣ ሳትጠይቅ ታጐርሰው ነበር። በጉባኤ ቤትም ታላቁ ተማሪ ከመምህሩ የተቀበለውን ለታናሹ ያስቀጽለው ስለ ነበረ፥ አንድ መምህር ብቻውን ሊያዳርሰው የማይችለው ብዙ ተማሪ ሁሉ ትምህርቱን ያገኝ ነበር። የዚያ ዘመን ችግር ይታወቃል፤ በረኀብና በበሽታ ትምህርቱን ያቋረጠው ብዙ ነው፤ ለሴት ልጅም ደጁ በአብዛኛው ዝግ ነበር። ሆኖም ተማሪው የመላው አገር ልጅ ሆኖ መቈጠሩ ልንይዘው የሚገባ ቅርስ ነው።

ከዚህ በኋላ በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፥ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈቱ፥ ማስተማር እያደር የመንግሥት ሥራ እየሆነ ሄደ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ የተማረው ላልተማረው ፊደል አስቈጠረ፤ ትምህርቱም በ15 የአገራችን ቋንቋዎች እስከ መሰጠት ደረሰ። ሕዝቡም በየመንደሩ ድንጋይ ተሸክሞ፥ እንጨት አምጥቶ፥ ገንዘብ አዋጥቶ ብዙ ትምህርት ቤት ሠርቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው ንቅናቄ ያረጀውን ለማደስ እጁን ዘርግቷል።

ነገር ግን ግድግዳው በበዛበት ልክ ንባቡ አልበዛም። በ2002 ዓ.ም. በ2ኛ ክፍል ልጆች ላይ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምርመራ፥ ከሦስቱ ልጆች አንዱ ያህል ከቀረበለት ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ከታች የጎደለውም ከላይ መገለጡ አይቀርም። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ነበሩ። ቍጥሩ ከፍ ማለት ጀምሯል፤ ዳሩ ግን በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶው ተፈታኝ ከዘጠና የሚበልጠው ከደጅ ቀርቷል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዳንዱም ከእኛ አቅም በላይ ነው። ከእኛ አቅም በታች የሆነውን ግን ማን ይሠራልናል?

እስቲ በሰፈራችን ሰው ሲሞት የምናደርገውን እናስብ። ጡሩንባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት ሁሉ ሥራውን ትቶ ይወጣል። የእድሩም ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ስም ይጠራል፤ ያለ ምክንያት የቀረውም ይቀጣል። እንግዲህ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት አምስት ቀን ቢቀር ጡሩንባ የሚነፋለት ማን ነው? መምህሩ በመዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ወሬው ግን ከክፍሉ አይወጣም። ልጁ በገበያ ቀን ዕቃ ይጠብቃል፤ በአጨዳ ጊዜ ከብት ይመልሳል፤ ልጅቱም እናቷ ስትታመም ታናናሾቿን ትይዛለች። ሲመለሱም ትምህርቱ ርቋቸው ሄዷልና፥ ካለመረዳት የመጣው ዝምታ ስንፍና ይባልባቸዋል። ለሙት እንዲህ ያማረ ሥርዓት ያበጀን ሰዎች ለሕያው ልጅ ሥርዓት ማበጀት አያቅተንም።

ስለዚህ በዚህ በዓል ላይ አራት ነገር እንድንቈርጥ አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ መምህራን ያለ ምክንያት ሦስት ቀን የቀረውን ልጅ ስም ለእድሩ ሹም ያስታውቁ። ሹሙም ከሰፈሩ አንድ ሽማግሌና አንዲት እናት መርጦ ወደ ቤቱ ይላክ። የሚሄዱትም ወላጅን ለመውቀስ ሳይሆን ምን እንደ ቸገረው ለመጠየቅ ይሁን፤ የተወቀሰ ወላጅ በሩን ይዘጋልና።

ሁለተኛ፥ የደብሩ አዳራሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ፥ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት፥ በመብራት ክፍት ይሁን። በብዙው ቤት ልጅ የሚያጠናበት ወንበርም ጸጥታም የለም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በተራ እየመጡ፥ የጥንቱ ተማሪ ታናሹን እንዳስቀጸለ፥ የ1ኛ፥ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆችን ድምፅ አሰምተው ያስነብቧቸው። ይህ ሰዓት ለትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ብቻ የተለየ ይሁን፤ የእስላም ጎረቤታችንም ልጅ ያለ ስጋት ይግባበት።

ሦስተኛ፥ የራበው ልጅ ሰሌዳውን ያያል እንጂ አያስተውልም። በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ላሉ ልጆች ቍርስና ምሳ ማብላት ጀምሯል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ማዕድ ገና አልደረሰምና፥ የጽዋ ማኅበሮቻችን በየወሩ ከሚያዋጡት ጥቂቱን ለይተው በችግረኛ ቤት ላለ ተማሪ ቍርስ ያድርጉት። ልጁ በጓደኞቹ ፊት እንዳያፍር እህሉ በስውር ወደ እናቱ ቤት ይሂድ።

አራተኛ፥ በየመንፈቁ ሒሳብ ይቅረብ። ከገንዘቡ ሒሳብ ጋር፥ ከዚህ በፊት ማንበብ የማይችሉ ስንት ልጆች ዛሬ ማንበብ እንደ ቻሉ፥ ትምህርት ካቋረጡትም ስንቱ እንደ ተመለሱ በጉባኤ ፊት ይነበብ። ያልተቈጠረ ልጅ በቀላሉ ይጠፋል።

«ይህማ የመንግሥት ሥራ አይደለምን?» የሚል ቢኖር፥ አዎን፥ መምህር መቅጠርና መጽሐፍ ማሳተም የመንግሥት ሥራ ነው፤ ይኸንንም ከመጠየቅ አንቦዝን። ነገር ግን ልጁ ከክፍል ወጥቶ እስከሚተኛ ድረስ ያለው ሰዓት የእኛ ነው። ፊደል ያልቈጠረ ወላጅ እንኳ «ዛሬ የተማርከውን አንብብልኝ» ብሎ አጠገቡ ቢቀመጥ፥ ልጁ ትምህርቱ የከበረ ነገር መሆኑን ይረዳል።

ሸክሙ ብዙ ቢመስልም፥ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ዛሬ በ1ኛ ክፍል የተቀመጡት ልጆች፥ እግዚአብሔር ዕድሜ ቢሰጣቸው፥ የደብራችንን መቶኛ ዓመት የሚያከብሩት እነርሱ ናቸው። ይህን መጽሔት ያን ጊዜ ከሣጥን አውጥተው ራሳቸው እንዲያነቡት የሚያደርገውን ሥራ ከሚመጣው ሰኞ እንጀምር።

እግዚአብሔር አገራችንንና ልጆቿን ይባርክ።