የጋዝ አክንባሎ



የተፈጥሮ ጋዝ ከውሃ የቀለለ ስለ ሆነ በከርሰ ምድር ዘወትር ወደ ላይ ይወጣል። አሸዋማው ድንጋይ ሊያቈየው የሚችለው፥ እንደ አክንባሎ የተደፋበት፥ እንደ ጭቃማ ድንጋይ ያለ ጋዝ የማያሾልክ ድንጋይ ሲኖር ብቻ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ጋዝ በተገኘበት፥ በኦጋዴኑ ካሉብ፥ የካሉብን አሸዋማ ድንጋይ የከደነው ቦኽ የተባለው ጭቃማ ድንጋይ ነው።

ብዙዎች ስለ ክዳኑ ውፍረት ይጠይቃሉ። ውፍረቱ ግን፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ሁለተኛ ነገር ነው፤ ወፍራም አክንባሎም ከተሰነጠቀ እንፋሎቱን አይዝም። ከጉድጓዱ በወጣው የክዳኑ ናሙና ላይ ባዜቃ እየተገፋ፥ በምን ያህል ግፊት ወደ ረቂቅ ቀዳዳዎቹ እንደሚገባ ይለካል። በጉድጓዱም ውስጥ የቍፋሮው ጭቃ፥ ድንጋዩ መሰንጠቅ እስኪጀምር ድረስ ይገፋል። የጋዙ ግፊት ወደዚህ ልክ የተጠጋ እንደ ሆነ ያሠጋል፤ ክዳኑ ጋዙን አስቀድሞ አሾልኮት ከሆነ፥ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ጉድጓድ የሚያወጣው ውሃ ብቻ ነው።