በጋሼ ጠበቃ አርባ ቀን መታሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር



ከዚህ ጽሑፍ በላይ የተለጠፈውን ፎቶግራፍ የማያውቅ ሰው በሰፈራችን ይኖራል ብለን አንገምትም። ሙሉ ስማቸው ከፎቶግራፉ ሥር ተጽፏል። እኛ ግን ዕድሜያችንን ሙሉ ጋሼ ጠበቃ ስንላቸው ስለኖርን ዛሬም በዚያው እንጠራቸዋለን። ንግግሩን ያሰማነው በአርባቸው ዕለት በኮሚቴው ስም ሲሆን፣ በዕለቱ ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት እነሆ ለጥፈነዋል።

የት እንደ ተወለዱ፣ የት እንደ ተማሩ፣ ስንት ልጅ እንደ ወለዱ በቀብሩ ቀን ተነቧል፤ አንደግመውም። ዛሬ የምንናገረው ያን ቀን ያልተነበበውን ነው።

ጋሼ ጠበቃ ወደዚህ ሰፈር ሲመጡ ገና ጠበቃ አልነበሩም፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ስድስት ኪሎ በ1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲ ተከፍቶ ነበርና፣ ቀን መዝገብ ሲያገላብጡ ውለው ማታ ማታ እዚያ እየሄዱ ተማሩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት። ያን መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በብብታቸው ይዘው፣ ከዚህ ከጉለሌ በእግራቸው ወደ አራዳ፣ ከዚያም በተክለ ሃይማኖት አድርገው ወደ ልደታ ፍርድ ቤት ሲወርዱ ያላየ የለም። «ምነው ታክሲ ቢይዙ?» ስንላቸው፣ «በእግሬ ስሄድ የባላጋራዬን ክርክር አስብበታለሁ፤ በታክሲ ስሄድ የማስበው የታክሲውን ሒሳብ ነው» ይሉን ነበር።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጥቶ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ሰፈሩ በወሬ ብቻ ተጨንቆ ነበር። እሳቸው ነጋሪት ጋዜጣውን በረንዳቸው ላይ ዘርግተው ቃል በቃል አነበቡልን። «የምትኖርባት አንዲት ቤት አትወሰድብህም፤ ወረቀቷን ጠብቅ» አሉን። ኑዛዜንም ቢሆን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ እንዳለበት፣ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ ላይ መገለጽ እንዳለበት፣ ሁሉም እዚያው መፈረም እንዳለባቸው ስንት ጊዜ ነገሩን! አንዳንዶቻችን ሦስት ሰው ይበቃል ስንል፣ «ሦስት ምስክርና አንድ መልካም ሐሳብ ተደምሮ አራት አይሆንም» ብለው አሳቁን። ለዚህ ሁሉ ሳንቲም አልተቀበሉንም። ቡና ግን ይጠጡ ነበር፤ ብዙ ይጠጡ ነበር።

አሁን ስለ አባትነታቸው እንናገር። ባለቤታቸው ሲያርፉ አራት ልጆች ቀሩባቸው፤ ታናሿ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ «ልጆቹን ተከፋፍለን እናሳድግልህ» ቢላቸው፣ «ይህ የውርስ ንብረት ክፍፍል አይደለም» ብለው እምቢ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱን ሴቶች ልጆች ጎረቤት ወስደው፣ ሹሩባ ተሠርተው እስኪያበቁ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። አይተው አይተው ተማሩት። ሠሪዋ በታመመችበት ቅዳሜ ራሳቸው ሠሯቸው። እውነቱን ለመናገር፣ አንደኛው ወገን ከሌላው ወፍሮ ነበር፤ ልጆቹ ግን «አባባ የሠራንን አናስፈታም» ብለው ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ሄዱበት።

ልጆቹ ሲጣሉ የሚያደርጉትም ነገር ነበረ። የሚከሰው ልጅ አስቀድሞ የተከሳሹን ቃል፣ ተከሳሹ ቢናገር እንደሚናገረው አድርጎ ማስረዳት አለበት። ያን ካላሟላ ክሱ አይሰማም። ታዲያ አብዛኛው ክስ እዚያው በሳቅ ይቀር ነበር።

ይህን ስንል ጉድለት አልነበረባቸውም ማለታችን አይደለም። ግትር ነበሩ። በስብሰባ ላይ «ይችላል» ይባል ወይስ «ይገባዋል» እያሉ ግማሽ ሰዓት ያቆሙናል። ሽሯቸውም፣ ልጆቻቸው ምስክር ናቸው፣ ሁልጊዜ ያርር ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አዲሶች አባላት አታውቁትም፤ የምናውቀው ደግሞ ስንሸሸው ኖረናል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ከመውጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ አባላችን ታሞ አምስት ወር አልጋ ላይ ዋለ፤ መዋጮውም አምስት ወር አልተከፈለም። ደንባችን ሦስት ወር በተከታታይ ያልከፈለ ይሰረዛል ይል ነበር። ሰውየው ሲሞት ባለቤቱ ወደ እኛ መጣች። ተሰርዟል አልናት። ጡሩምባ አልተነፋም፤ ድንኳን አልተተከለም። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ነበር። በማግሥቱ ጋሼ ጠበቃ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበሩ፣ በገዛ ገንዘባቸው ከሌላ ቦታ ድንኳን ተከራይተው አመጡ።

በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ተጠራ። «ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ጉድለቱም የእኔ ነው» ብለው ጀመሩ። ከዚያ መጽሐፉን ከጋዜጣው ፈትተው አንቀጽ 1772ን አነበቡ። አንድ ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመከራከር፣ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል የሚለውን ማለት ነው። «ከመካከላችን አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ፣ ዕዳህ ይህን ያህል ደርሷል፣ እስከዚህ ቀን ካልከፈልክ ትሰረዛለህ ያለው አለ?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ አልነበረም። እጅ አውጡ ተባለ፤ አወጣን፤ እሳቸው ተሸነፉ። ለአንድ ሰው ከተላለፈልን ለሁሉም ይለመዳል፣ ገንዘባችን ያልቃል ብለን ነበር የፈራነው። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ ካዝናችን ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር።

ጋሼ ጠበቃ ያን ቀን ጸሐፊነቱን ለቀቁ። «የማኅበሩን ውስጥ ስለማውቅ ችሎት ቆሜ ብከራከራችሁ ነውር ነው፤ አላደርገውም። እሷ ሕጉን ብትጠይቀኝ ግን አልደብቃትም። ይህን ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ብዬ ነው የነገርኳችሁ» አሉ።

ሴትየዋ ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር። በኋላ እንደ ሰማነው፣ ማታ ማታ እሳቸው ቤት እየመጣች ትለማመድ ነበር። ልጆቹ ደግሞ እኛን ሆነው ይከራከሯት ነበር። አንዱ ሊቀ መንበሩን፣ አንዷ ገንዘብ ያዡን። የእኛን ክርክር ከእኛ አብልጠው ነው አሉ የተከራከሩት። ፍርድ ቤት ቀርባ ብቻዋን ቆማ ተናገረች። ዳኛው የጠየቁን አንድ ጥያቄ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሰጥታችኋል? ያን ጥያቄ እሑድ ዕለት ሰምተነው ነበር እኮ። ከኪሳራው ጭምር ከፈልን። ዛሬ በደንባችን ውስጥ፣ ሁለት አባላት ቤቱ ድረስ ሄደው ሳይነግሩትና የሰላሳ ቀን ጊዜ ሳይሰጡት ማንም አይሰረዝም የሚለው ቃል የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ካዝናውም አላለቀም።

ይቅርታ የምንጠይቅበት ግን ገንዘቡ አይደለም።

ሁለት ዓመት ያህል ጋሼ ጠበቃን ሰላም አላልናቸውም። ሲያልፉ ዞር እንል ነበር። ልጆቻችንንም ከልጆቻቸው ጋር እንዳይጫወቱ ከለከልን። እሳቸው መዋጯቸውን አንድ ወር ሳያሳልፉ ይከፍላሉ፤ ሰው ሲሞት ቀድመው ይገኛሉ፤ ድንኳን ሲተከል ገመድ ይይዛሉ። አጠገባቸው የሚቆም ግን አልነበረም።

በዚያው ጊዜ ትልቋ ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ድግስ ደገሱ፤ ሰፈሩ ሁሉ ተጠራ። የሄድነው በጣት የምንቆጠር ነበርን። ከዚህ ኮሚቴ ውስጥ የዚያን ጊዜ ሰዎች ሦስት ነን፤ ሦስታችንም አልሄድንም። በማግሥቱ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ልጆቹ ናቸው፤ ተመራቂዋም ራሷ አለችበት። በሳህን እንጀራና ወጥ ከድነው ይዘው «አባባ፣ ትናንት ሳይመቻችሁ ቀርቶ ይሆናል ብሎ ነው» አሉን። ተቀበልን፤ በላን። ሳህኑን ባዶውን መለስን። ባዶ ሳህን መመለስ በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ እናቶቻችን ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ታረቅን። የታረቅነው ግን በዝምታ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ «አጥፍተናል» አላልናቸውም። እሳቸውም አልጠየቁንም። እንዲያውም በ1992 የቤተሰብ ሕጉ ሲወጣ መጥተው ያስረዱን እሳቸው ነበሩ። ባል የቤተሰብ የበላይ መሆኑ እንደ ቀረ፣ ሴት ልጅ ከ15 ዓመት ትዳር መያዝ ትችል የነበረው ወደ 18 ከፍ እንዳለ ሲነግሩን ወንዶቹ ስናጉረመርም፣ «ተቃውሞ ያለው በመጀመሪያ የሚስቱን ክርክር ያሰማ» አሉና አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ትልቋ ልጃቸው ዛሬ ከፊታችን ተቀምጣለች። ልጄ፣ ያን ጠዋት በራችን ላይ የቆምሽበትን አልረሳነውም። አባትሽን በሕይወት ሳሉ ልንላቸው የሚገባንን ለአንቺና ለወንድሞችሽ፣ ለእኅትሽም እንላለን፤ በደልናችሁ፣ ይቅር በሉን።

በመጨረሻም ለአባላት የምናስታውቀው አለ። የዚያ ዓመት ቃለ ጉባኤ «ጸሐፊው በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ» ብሎ ያልፋል። ኮሚቴው የመልቀቃቸውን ምክንያት፣ የተሰጠውን ድምፅና በኋላ ያደረስንባቸውን በዚያው ገጽ ግርጌ ጽፎ ፈርሟል። በጊዜው የነበራችሁ አባላት መፈረም ብትፈልጉ መዝገቡ እስከ ሚቀጥለው እሑድ በገንዘብ ያዡ ቤት ይቆያል። ባለ ድንኳኗ ሴትዮ፣ ዛሬ አያት ሆነው በመካከላችን ያሉት፣ ቀድመው በጣታቸው አትመዋል።

የማኅበሩ ኮሚቴ